የዳውስ መዝገብ ምንድን ነው? የቺካሶ ዘር የሚቆጠርበት ሰነድ

ቺካሶ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ነው። «ቅድመ አያቴ ቺካሶ ነበረች ይባላል» ብሎ ዘሩን ወደ ኋላ መቁጠር የጀመረ ሰው ዞሮ ዞሮ አንድ ሰነድ ላይ ይደርሳል። የዳውስ መዝገብ ይባላል። ዋና መቀመጫው በኦክላሆማ አዳ ከተማ የሆነው ቺካሶ ኔሽን፣ ማለትም የጎሳው መንግሥት፣ ዜግነት የሚሰጠው በዚህ መዝገብ «በደም» (በትውልድ ቺካሶ የሆኑት) በሚለው ዝርዝር ስሙ ከሰፈረ ሰው በቀጥታ ለሚወለድ ነው። የደም መጠንህ ይህን ያህል ይሁን የሚል ገደብ የለም። ስሙ ከሌለ ግን የቤተሰብ ወግም ሆነ የዲኤንኤ ምርመራ አይተካውም።

መዝገቡ የተሠራው መሬት ለማከፋፈል ነው። ቺካሶዎች በ1832 (ዘመኑም ወሩም ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፖንቶቶክ ውል የሚሲሲፒ ርስታቸውን አጥተው ከ1837 ጀምሮ ወደ ምዕራብ ከተሰደዱ በኋላ፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው ምድር የያዙት መሬት የወል ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን የወል መሬት በነፍስ ወከፍ ለመሸንሸን በ1893 ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ የቀድሞው የማሳቹሴትስ ሴናተር ሄንሪ ዳውስ ስለነበር ስሙ ለመዝገቡ ቀረ። በ1898 የወጣው የከርቲስ ሕግ ምዝገባውን አጠናከረው። ሌሎቹ ጎሳዎች ቸሮኪ፣ ቾክቶ፣ ክሪክና ሴሚኖልም በዚሁ ሥራ ተመዝግበዋል። ስለዚህ መዝገቡን ስታነቡ፣ የኮሚሽኑ ጸሐፊ ፊት የቀረበው ጥያቄ «ይህ ሰው መሬት ይገባዋል ወይ?» የሚል እንደነበር አትርሱ። ብዙ እንግዳ የሚመስል ነገር በዚህ ይፈታል።

«መዝገቡ» ሲባል በእውነቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የመጨረሻው ዝርዝር ሲሆን ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የደም መጠን፣ የካርድ ቁጥርና የመዝገብ ቁጥር ብቻ ይዟል። ሁለተኛው የቤተሰብ ካርዱ ነው፤ በአንድ ቤት የሚኖሩት አብረው ተጽፈው፣ ዝምድናቸው፣ አውራጃቸው፣ ፖስታ ቤታቸው፣ ቀድሞ በየትኛው የጎሳ ቆጠራ እንደተመዘገቡ፣ የእናትና የአባታቸውም ስም ይገኝበታል። ሦስተኛው የማመልከቻው ፋይል ነው፤ የምስክሮች ቃል፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የአዋላጅ መሐላ ያለበት። አብዛኛው ጀማሪ የመጀመሪያውን አይቶ ያቆማል። የዘር ሐረግ ሀብቱ ግን ያለው በካርዱና በፋይሉ ውስጥ ነው። ካርዶቹ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የማይክሮፊልም ቁጥር ኤም 1186፣ ፋይሎቹ ደግሞ ኤም 1301 ናቸው፤ ዋናዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ፎርት ዎርዝ ይገኛሉ።

ሁለቱ ቁጥሮች ሰው ያሳስታሉ። የካርድ ቁጥር የቤተሰቡ ነው፣ የመዝገብ ቁጥር የግለሰቡ። ደግሞም እያንዳንዱ ዝርዝር ቁጥሩን ከአንድ ይጀምራል፤ በመሆኑም 500 ቁጥር በደም ዝርዝርም፣ በሕፃናት ዝርዝርም፣ በሌላውም ሊኖር ይችላል። ቁጥር ስትጽፉ ጎሳውንና ዝርዝሩን አብራችሁ ጻፉ፤ አለዚያ የሌላ ሰው ዘር ስትቆጥሩ ትከርማላችሁ።

ቀኖቹም ወሳኝ ናቸው። በደም ዝርዝር ለመግባት ሰውየው መስከረም 25 ቀን 1902 በሕይወት መኖር ነበረበት። ከዚያ በፊት የሞተ ሰው ስሙ ካርዱ ላይ ተጽፎ ሊሰረዝ ይችላል፤ የመጨረሻው ዝርዝር ላይ ግን የለም። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ መጋቢት 4 ቀን 1905 ድረስ የተወለዱት «አዲስ የተወለዱ» በሚል ዝርዝር ገቡ፤ መጋቢት 4 ቀን 1906 በሕይወት ለነበሩ ሌሎች ሕፃናት ደግሞ የተለየ ዝርዝር ተከፈተ። መዝገቡ በመጋቢት 1907 ተዘጋ። ስለዚህ አያት በ1915 ከተወለዱ መፈለግ ያለበት የእሳቸው ስም ሳይሆን የወላጆቻቸው ነው። ሴቶችን በምዝገባው ጊዜ በነበራቸው የባል ስም ፈልጉ። ካርዱ ላይ ያለው ዕድሜ የሚቆጠረው ካርዱ ላይ ከሰፈረው ቀን ነውና፣ የልደት ዘመን ስታሰሉ ያንን ቀን መነሻ አድርጉ።

«አያቴ የተወለዱት ቺካሶ ኔሽን ውስጥ ነው» የሚለው ማስረጃ ደካማ መሆኑን ብዙዎች ዘግይተው ይረዱታል። በ1890ዎቹ በዚያ ምድር ከቺካሶው ይልቅ በፈቃድ ወይም ያለ ፈቃድ የሰፈረው ነጭ ገበሬና ጭሰኛ በእጅጉ ይበዛ ነበር። ከቺካሶ ጋር የተጋቡ ነጮችም በመዝገቡ የራሳቸው ዝርዝር አላቸው፤ በዚያ ዝርዝር ብቻ የተገኘ ቅድመ አያት ዜግነት አያወርስም። የካርድ ቁጥር ፊት «ዲ» ፊደል ካለ ጉዳዩ ያጠራጠረ፣ «አር» ካለ ውድቅ የተደረገ ማለት ነው። ውድቅ ቢሆንም ፋይሉን ክፈቱት፤ ተከራካሪ ሰው ብዙ ይናገራልና የሦስት ትውልድ ስም የሚገኘው አንዳንዴ እዚያ ነው።

የደም መጠን የሚለውን ዓምድ እንደ ሳይንስ አትመልከቱት። ሰው እንደተናገረ ወይም ጸሐፊው እንደገመተ የተጻፈ በመሆኑ የአንድ እናትና አባት ልጆች የተለያየ ክፍልፋይ ይዘው ይገኛሉ።

ከመዝገቡ ወደ ኋላ ለመሄድ መሰላሉ ካርዱ ላይ ያለው የወላጆች ዓምድ ነው። ከዚያ የ1896ቱን የጎሳ ቆጠራና ለጎሳው አባላት ገንዘብ የተከፈለበትን የ1893ቱን የክፍያ ዝርዝር፣ ወደ ሩቅ ደግሞ የ1847ቱን ቆጠራ ታያላችሁ። በ1847ቱ ግን በስም የተጻፈው የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ሲሆን ሌላው በቁጥር ብቻ ነው። በቺካሶ ባህል ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ነገድ በመሆኑ፣ የአባት መስመር ሲጠፋባችሁ የእናትን ወንድሞች ፈልጉ።

ወደ ፊት ደግሞ ከተመዘገበው ሰው እስከ ራሳችሁ ድረስ እያንዳንዱን ትውልድ የሚያያይዝ፣ ወላጅ የተጠቀሰበትና በክፍለ ግዛቱ የተረጋገጠ የልደት ወይም የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሆስፒታል ለመታሰቢያ የሚሰጠው ወረቀት ለዚህ አይሆንም። ኦክላሆማ ልደትና ሞት በክፍለ ግዛት ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ1908 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ካደጉ በኋላ በመሐላ ያወጡት የዘገየ የልደት ምስክር ወረቀት ይኖራቸዋልና እሱን ጠይቁ። በሰልፈር ከተማ በቺካሶ የባህል ማዕከል ያለው ሆሊሶ የተባለው የጥናት ቤት በዘር ፍለጋ ይረዳል።

አንድ ዝርዝር ቀርቷል፤ ከሁሉም ከባዱ ነው። ቺካሶዎች ጥቁር ባሪያዎች ነበሯቸው። በ1866 ውል እነዚህ ሰዎች ነፃ ቢወጡም የቺካሶ መንግሥት በዜግነት አልተቀበላቸውም፤ የዳውስ ጸሐፊዎችም «ፍሪድመን» (ከባርነት ነፃ የወጡ) በሚል ለብቻ መዘገቧቸው። በደም የተመዘገበው ቺካሶ 320 ኤከር ገደማ፣ ማለትም ከሦስት ጋሻ በላይ ሲመደብለት ለእነሱ የተመደበው 40 ኤከር ነበር። አባቱ ቺካሶ ሆኖ እናቱ ከባርነት የወጣች ልጅ ባብዛኛው በእናቱ በኩል ወደዚህ ዝርዝር ተገፋ፤ ካርዱም የደም መጠኑን አይጽፍም። ዝርዝሩ ለተወላጆቹ ዛሬም የዜግነት በር አይከፍትም። ዘር ለሚቆጥር ግን ካርዱ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ይዟል፤ የቀድሞውን ባለቤት ስም። ያንን ስም ይዞ ወደ 1860ው የባሪያዎች ቆጠራ መሄድ ይቻላል። እዚያ የሚገኘው የጌታው ስም፣ ከሥሩም በባሪያዎቹ ስም ፈንታ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ነው። ለብዙ ቤተሰብ የአያት ስም በወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚታየው በዚህ የፍሪድመን ካርድ ነው።