ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር አሳ ለማጥመድ ሲኬድ የት ይታደራል፣ ምን ይበላል

ሎስ አንጀለስና ሳንዲያጎ ያለ ሰው «ሜክሲኮ አሳ ልናጠምድ ነው» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ባሃን ማለቱ ነው። ባሃ ከአሜሪካ ድንበር ጀምሮ ወደ ደቡብ የወረደ ረጅም ቀጭን ደረቅ መሬት ነው፣ በምዕራብ ፓሲፊክ በምስራቅ ደግሞ የኮርቴዝ ባህር፣ መሃሉ ቁልቋልና ድንጋይ። የታችኛው ክፍል ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ይባላል፣ ዋና ከተማው ላፓዝ ነው፣ ይሄ ጽሁፍም ባብዛኛው ስለሱ ነው።

እዚህ አገር ማደሪያ ሲመረጥ ስንት ኮከብ ነው ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፣ ጥያቄው ከጀልባው ምን ያህል ይርቃል፣ ያጠመድኩትንስ ኩሽናው ያበስልልኛል ወይ ነው። ጀልባ የሚነሳው ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከዛ በፊት ቡና መጠጣት፣ ቁርስ መቅመስ፣ ማጥመጃ የሚሆነውን ትናንሽ አሳ መግዛት አለ፣ እና ማደሪያህ ሩቅ ከሆነ እንቅልፍህን ከፍለህ ነው የምታጠምደው።

ነገሩ የጀመረውም እንደዛ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚወስደው አስፋልት፣ አንድ ቁጥር አውራ ጎዳና፣ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፣ ድንበሩ ላይ ካለችው ቲህዋና ደቡብ ጫፍ ላይ እስካለችው ካቦ ሳን ሉካስ ድረስ 1,700 ኪሎሜትር ገደማ። ከዛ በፊት የሚመጡት ሀብታም አሜሪካኖች በትንንሽ አውሮፕላንና በራሳቸው ጀልባ ነበር፣ ሆቴሎቹም የራሳቸው የአፈር ማረፊያ ሜዳ ነበራቸው። የታወቀው ፓልሚያ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1956 ሲከፈት 15 ክፍል ብቻ ነበረው፣ የሰራው የቀድሞው የሜክሲኮ ፕሬዝዳንት የአቤላርዶ ሮድሪጌዝ ልጅ ነው። በአካባቢው ሌላ ምግብ ቤት ስላልነበረ እንግዳው ሶስቱንም ጊዜ እዛው ይበላል፣ ይሄ ልማድ በደቡብ ምስራቅ በኩል ኢስት ኬፕ በሚባለው ዳርቻ ባሉ የድሮ ሆቴሎች እስካሁን አለ፣ ክፍሉንና ሶስት ምግብ አንድ ላይ ትከፍላለህ፣ ጀልባው ላይ የምትበላውንም በሳጥን ያሲዙሃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ የምለው እዚሁ ኢስት ኬፕ ላይ ያለችውን ሎስ ባሪለስን ነው። ከሳን ሆሴ ዴል ካቦ ኤርፖርት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አንድ ዋና መንገድ ያላት ትንሽ ከተማ፣ ሆቴሎቹ አሸዋው ላይ ስለሆኑ ከአልጋ ተነስተህ በእግርህ ነው ጀልባ ጋ የምትደርሰው። ጀልባው ፓንጋ ይባላል፣ ሰባት ሜትር ገደማ የሆነ ክፍት የፋይበር ጀልባ፣ ከኋላው ሞተር፣ ሁለት ሶስት ሰው ያጠምድበታል፣ ብዙ ሰው ከሆናችሁ ወይ ባህር የሚያሳምመው ካለ ጣሪያና ሽንት ቤት ያለው ትልቁ ክሩዘር ይሻላል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ማሂ ማሂም የሚሉት ዶራዶ፣ ቱና፣ አፍንጫው እንደ ጦር የረዘመ ትልቁ ማርሊን፣ ፔዝ ጋዮ የሚሉት ጀርባው ላይ እንደ ዶሮ ኩክኒ የቆመለት አሳ ሁሉ አለ። ክረምታቸው ላይ ግን የሰሜኑ ንፋስ ይነሳና ከተማዋ አሳ አጥማጅ ትታ በሸራ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች ትሞላለች፣ በታህሳስ ሄዶ ባህሩ ተናወጠብኝ ብሎ ማማረር የራስ ጥፋት ነው።

ካቦ ሳን ሉካስ ሌላ ነገር ነው። ማሪናው፣ የጀልባ ማቆሚያው ማለት ነው፣ መሃል ከተማ ስለሆነ ጀልባ በሽ ነው፣ የማርሊን ከተማ ነው፣ በጥቅምት የሚደረገው ቢዝቢ የሚባለው የማርሊን ማጥመድ ውድድር ላይ የሽልማቱ ገንዘብ በሚሊዮን ዶላር ነው የሚቆጠረው። ግን ጭፈራው ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ ዋጋውም የአሜሪካ ዋጋ ነው። በካቦና በሳን ሆሴ መሃል ባለው ሰላሳ ኪሎሜትር ላይ የተደረደሩት ሁሉን ያካተተ የሚባሉት ትላልቅ ሆቴሎች ለሙሽራ ጥሩ ናቸው፣ ለአሳ አጥማጅ አይደሉም፣ ምግቡን አስቀድመህ ከፍለህ ቀኑን ሙሉ ባህር ላይ ነህ፣ ጠዋት ደግሞ በጨለማ ታክሲ ፍለጋ። ሳን ሆሴ ጋ ላ ፕላዪታ የሚባለው ሰፈር ፓንጋዎች አሉት፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ጎርዶ ባንክስ ለሚባለው የታወቀ የማጥመጃ ቦታም ቅርብ ነው፣ እዛ አካባቢ ትንሽ ቤት በኤርቢኤንቢ መያዝ ይሻላል።

ላፓዝ እውነተኛ የሜክሲኮ ከተማ ናት፣ ሰው ይኖርባታል ማለቴ ነው፣ ማታ ማሌኮን በሚሉት የባህር ዳር መንገድ ቤተሰብ ከነልጁ አይስክሬም እየላሰ ይንሸራሸራል፣ ሆቴሉም ምግቡም ከካቦ ይረክሳል። ችግሩ ጥሩው የማጥመጃ ቦታ ብዙ ጊዜ በተራራው ማዶ መሆኑ ነው፣ ላ ቬንታና ወይ ደግሞ የሙታን ባህረ ሰላጤ፣ አሁን ለቱሪስት ስሙ ተቀይሮ የህልሞች ባህረ ሰላጤ የተባለው፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተህ በቫን አንድ ሰዓት ትሄዳለህ። ሎሬቶ እ.ኤ.አ. በ1697 ሚሲዮን የተተከለባት ትንሽ ጥንታዊ ከተማ ናት፣ በሞቃቱ ወራት ዶራዶ፣ በቀዝቃዛው ሁሬል የሚሉት ጅራቱ ቢጫ አሳ፣ ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል፣ ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ከሁሉም እሷ ትሻላለች።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ዋናው ነገር ያጠመድከውን ይዘህ ምግብ ቤት መግባት መቻልህ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ጀልባው ይመለሳል፣ ዳርቻው ላይ አሳ የሚታረድበት ጠረጴዛ አለ፣ ፔሊካኖቹ ከስር ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ አሳ የሚያርደው ልጅ ቢላዋውን በጀርባ አጥንቱ ላይ አንዴ ያስኬደውና ወፍራም ፊሌቶ ገንጥሎ ይጥላል፣ አጥንቱ ለወፎቹ። ያንን በላስቲክ ይዘህ ምግብ ቤት ትሄዳለህ፣ የማብሰያ ይከፈላል፣ ሩዝ፣ ቦሎቄና ቶርቲያ የሚሉትን ስስ ቂጣ ጨምረው ያመጡልሃል። ሐዋሳ አሞራ ገደል አሳ መርጦ ያስጠበሰ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ግማሹን በነጭ ሽንኩርትና ቅቤ፣ ሞሆ ዴ አሆ ይሉታል፣ ግማሹን ደግሞ ሴቪቼ አድርጉት በላቸው፣ ጥሬ አሳ በሎሚ ጭማቂ ማለት ነው። ቱና ከሆነ ግን እሳት አታስነኩት፣ ጥሬውን ተቆርጦ በሎሚና በአኩሪ አተር ሶስ፣ ጥሬ ስጋ በልቶ ያደገ ሰው ደግሞ ይሄን ፈራሁ ቢል አያምርበትም። አጓቺሌ የሚሉት ከሲናሎዋ የመጣው ሽሪምፕ አለ፣ ጥሬው በሎሚና በተፈጨ አረንጓዴ ቃሪያ የሚቀርብ፣ አፍን እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባል።

የአሳ ታኮ መንገድ ዳር ነው የሚበላው፣ ሆቴል ውስጥ አይደለም። በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ አሳ፣ የበቆሎ ቶርቲያ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ክሬም፣ ሳልሳ፣ ሎሚ፣ በቃ። በሰሜኑ ባሃ ያለችው ኤንሴናዳ ከተማ የራሴ ነው ትላለች፣ ግን ደቡብም ቢሆን ሰልፍ ያለበትን ጋሪ ፈልገህ ቁም። ሎሬቶ ከሆንክ ቸኮላታ የሚሏትን ቅርፊቷ ቡናማ የሆነች የባህር ቀንድ አውጣ መሳይ እንዳታልፋት፣ ቸኮሌት የለባትም ስሟ ከቀለሟ ነው፣ ጠጠር ላይ ይደረድሩና ደረቅ ቁጥቋጦ ከላይ አንድደው ነው የሚያበስሏት።

ለኛ ሰው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ የቦሎቄ ፍትፍታቸውና የስንዴ ቶርቲያቸው ብዙ ጊዜ ማንቴካ አለበት፣ ማንቴካ የአሳማ ስብ ነው። በሰሜኑ ባሃ ፑዌርቶ ኑዌቮ በምትባል መንደር ሎብስተሩን ራሱ በሱ ነው ድሮ የሚጠብሱት። ሙስሊም ከሆንክም ጿሚ ከሆንክም «ሲን ማንቴካ» በል፣ ያለ ማንቴካ ማለት ነው፣ የበቆሎውን ቶርቲያ እዘዝ። አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፣ እነሱ ግን በሁዳዴያቸው አርብ አርብ ስጋ ትተው አሳ ይበላሉ፣ የፋሲካቸው ሳምንት ደግሞ አገሩ ሁሉ ባህር ዳር ይወርዳልና ያለ ቡኪንግ አልጋ አይገኝም።

ወረቀቱን በተመለከተ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ግሪን ካርድ ያለው የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ሁለቱንም መያዝ ብቻ ነው። በመኪና ከሆነ የአሜሪካ ኢንሹራንስ እዛ አይሰራም፣ የሜክሲኮ ይገዛል። ማጥመጃ ያለበት ጀልባ ላይ የወጣ ሁሉ የማጥመድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ ከዋጋው ውስጥ አለ ወይ ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ። ለአንድ ሰው በቀን 10 አሳ ነው፣ ከአንድ ዓይነት ከ5 አይበልጥም፣ ዶራዶና ፔዝ ጋዮ 2፣ ማርሊን 1። ፔዝ ጋዮውን ፎቶ አንሳና ልቀቀው፣ ስጋው እንደ መልኩ አይደለም። ነሐሴና መስከረም ርካሽ የሚሆነው በነጻ አይደለም፣ አውሎ ነፋስ አለ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ኦዲል የተባለው አውሎ ነፋስ ካቦን እንዳልነበረች አድርጓት ነበር፣ ስለዚህ ሲሰረዝ ገንዘብ የሚመልስ ቦታ ያዝ።

የተረፈውን አሳ ሆቴሉ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጥልሃል፣ በረዶ ሆኖ በማቀዝቀዣ ሳጥን አብሮህ አውሮፕላን ይገባል። ላስቲኩ ላይ ግን ስምህንና የክፍልህን ቁጥር ራስህ በማርከር ጻፍ። እኔ አንዴ ለሆቴሉ ልጅ ትቼለት ሄጄ ቤት ስፈታው ሁለት ዶራዶዬ ባሪሌቴ በሚሉት ደማም ጥቁር አሳ ተቀይሮ አገኘሁት፣ የኔን ማን እንደበላው እስካሁን አላውቅም።