የጨው ውሃ የክብደት ማስተካከያ ምንድን ነው?

በባሕር ዳር፣ በጣና ውሃ ላይ ለመስመጥ የሚረዳውን የእርሳስ ክብደት ልክ ያወቀ ጠላቂ ወደ ቀይ ባሕር ሲወርድ በወገቡ የሚታጠቀውን እርሳስ መጨመር አለበት፤ የጨው ውሃ የክብደት ማስተካከያ የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። የሚያሳዝነኝ፣ ስለ መጠኑ ደግሞ ደጋግሞ የሚነገረው ስሌት ነው፦ የባሕር ውሃ ከሐይቅ ውሃ የሚከብደው በ2.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ 6 ኪሎ እርሳስ የሚታጠቅ ሰው 150 ግራም ቢጨምር ይበቃዋል ይላሉ።

መነሻው ትክክል ነው። አንድ ሊትር የጣና ውሃ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የባሕር ውሃ በአማካይ 1.025 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስሕተቱ መቶኛው ከእርሳሱ ብቻ መሰላቱ ነው። ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ጠላቂውን፣ ልብሱን፣ የአየር ሲሊንደሩንና እርሳሱን በአንድነት እንጂ እርሳሱን ለይቶ አይደለም።

ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣን ታንኳ እንውሰድ። ሐይቁ ታንኳውን፣ ቀዛፊውንና ማገዶውን ሳይለይ እንደ አንድ ጭነት ይሸከማል። ያው ታንኳ ምጽዋ ላይ ቢንሳፈፍ ከፍ ይላል፤ ጣና ላይ እስከነበረበት ልክ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ የሚጨመርበት የሦስቱም ድምር 2.5 በመቶ እንጂ የማገዶው 2.5 በመቶ አይደለም። ምሳሌው ከዚህም አልፎ ይሄዳል፦ ደንገል ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ፣ ታንኳው ወጥቶ ካልደረቀ በቀር የትናንቱ ጭነት ለዛሬ አይሆንም። የጠላቂ ልብስም በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች በአገልግሎት ብዛት ሲጎዱ የመንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአዲስ ልብስ የተያዘ ልክ ለአሮጌው አያገለግልም።

ጠላቂው 70፣ መሣሪያው 24፣ እርሳሱ 6 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 100 ኪሎ ነው። ይህ ሰው በጣና ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ከቆመ 100 ሊትር ውሃ ገፍቷል ማለት ነው፤ ያው 100 ሊትር በባሕር 102.5 ኪሎ ስለሚመዝን የሚጎድለው 2.5 ኪሎ ነው። በጥብቅ ከተሰላ፣ የሚጨመረው እርሳስ ራሱም ጥቂት ውሃ ስለሚገፋ 2.7 ኪሎ ይደርሳል። ከ150 ግራም ጋር ያለው ልዩነት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

ጉድለቱ አደገኛ የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ስለሚደበቅ ነው። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ አየር ስለሚይዝ፣ እርሳሱ ያነሰው ጠላቂ በዚያ ክብደት ታግዞ መውረድ ይችል ይሆናል፤ አየሩ ወደ 50 ባር ሲወርድ ግን ከ2 ኪሎ በላይ ቀልሎ፣ ከውሃው ከመውጣቱ በፊት 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሞ ሊያርፍ በሚገባው ሰዓት ወደ ላይ ይሳባል።

ልዩነቱን ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ በማለቱ የሚያመካኙም አሉ። ከፍታው የሚለውጠው የአየሩን ግፊት እንጂ የውሃውን ክብደት አይደለም። ጠላቂ ምን ያህል ቆይቶ እንዴት መውጣት እንዳለበት ለሚያሳየው የግፊት ማስለቀቂያ ሠንጠረዥ ግን ከፍታ ብርቱ ጉዳይ ነው፤ ምጽዋ ላይ ጠልቆ የወጣ ሰው በዚያው ዕለት 2,300 ሜትር ከፍ ወዳለችው አስመራ መውጣት የለበትም።

የቀይ ባሕር ጨው ከውቅያኖሶች አማካይ ስለሚበልጥ፣ ሙቀቱም ውሃውን በጥቂቱ ስለሚያቀልለው፣ ስሌቱ መነሻ ብቻ ነው። ልኩ የሚገኘው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው፦ ሲሊንደሩ 50 ባር ገደማ ላይ ሳለ ጠላቂው በአየር የሚሞላውን የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አየር ሁሉ አስወጥቶ፣ መደበኛ ትንፋሽ ስቦ ይይዝና ሳይቀዝፍ ቀጥ ብሎ ይቁም። ውሃው ዓይኑ ትክክል ላይ ከቆመና ሲያስተነፍስ ቀስ ብሎ ከሰመጠ ልኩን አግኝቷል፤ ትከሻው ከውሃ በላይ ከቀረ ግማሽ ኪሎ ጨምሮ ይድገመው።