የአየር ሙቀት ሴንሰር ምንድን ነው? ደሴ ላይ ከዜሮ በታች 40 ያየሁበት ጠዋት

አጎቴ የሚኖሩት ደሴ፣ የሚሠሩት ኮምቦልቻ ነው። ኮሮላቸው በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ ጠዋት ወርዳ ማታ ትወጣዋለች። ኅዳር ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት በራባቸው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ አትነሳም፤ ሚኒሞ ላይም (ቆማ ቤንዚን ሳይሰጣት ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች። አንድ ጋራዥ ካንዴላ ቀየሩላቸው፤ መብራቱ አልጠፋም። ሌላው "አቀበቱ ነው፣ ደሴ አየሩ ስስ ነው" ብሎ መለሳቸው።

በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መመርመሪያዬን ሰካሁ። የራዲያተሩ ውሃ 11 ዲግሪ ይላል። ወደ ሞተር የሚገባው አየር ግን ከዜሮ በታች 40! ደሴ ይበርዳል፤ እንዲህ ግን አይበርድም።

ይህን ቁጥር ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረው የአየር ሙቀት ሴንሰር ነው። የሚገኘው ፊልትሮው ቤት ላይ ወይም ከዚያ ወደ ሞተር በሚሄደው የአየር ቱቦ ላይ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ለብቻው አይታይም፤ የአየር መጠን ከሚለካው ሴንሰር ጋር አንድ ላይ ተሠርቷል።

ለምን ያስፈልጋል? ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ይላል፣ ሞቃት አየር ይሳሳል። በባሕር ጠለል ላይ 1 ሜትር ኩብ አየር በ0 ዲግሪ 1.29 ኪሎ ይመዝናል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 1.16 ይወርዳል። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ የነዳጁን ልክና ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ሲያስተካክል ሙቀቱንም ያያል።

የከፍታውን ነገር ላጥራው፤ እኛ አካባቢ ሁሉም ነገር በአቀበት ይሳበባልና። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሽቅብ ሲወጡ ጉልበት ትንሽ መቀነሱ እውነት ነው። ያንን የሚከታተሉት ግን የግፊትና የአየር መጠን ሴንሰሮች ናቸው። ጤነኛ መኪና ደሴ ስለወጣ ብቻ መብራት አያበራም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ነገር ስትሞቅ ለኤሌክትሪክ መንገድ ትለቃለች፤ ስትቀዘቅዝ ታጠባለች። ኤሌክትሪኩን የምታግደው ልክ (በኦም ይለካል) በብዙ የጃፓን መኪኖች 20 ዲግሪ ላይ በቴስተር ሲለካ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ 300 ኦም አካባቢ ይሰጣል። ሽቦው ከተቆረጠ ኤሌክትሪኩ ጨርሶ አያልፍም። ኮምፒውተሩም "እጅግ በረደ" ብሎ ከዜሮ በታች 40 ያሳያል፤ የብልሽቱ ኮድ ፒ0113 ነው። ሽቦዎቹ ከተነካኩ ተቃራኒው ይሆናል፤ ከ100 በላይ ያነባል፣ ኮዱም ፒ0112 ነው።

ስለዚህ አደራ፣ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን ጠይቁ። ቁልፉን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ። የሴንሰሩን ሁለት ሽቦዎች በአጭር ሽቦ አገናኙና ቁልፉን ክፈቱ። ንባቡ ከዜሮ በታች ከ40 ተነስቶ ከ100 በላይ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፤ የሞተው ሴንሰሩ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ብዙ ጊዜ ሽቦው ተቆርጧል። አምስት ሽቦ ያለው ሶኬት ከሆነ ግን የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ በእርግጠኝነት ሳታውቁ አትንኩ፤ አንዱ የባትሪ ኃይል ይዟል።

በአጎቴ ኮሮላ ላይ እስከዚያም አልደረስኩም። ሶኬቱ ሥር ያለውን ሽቦ በሁለት ጣት ወዘወዝ ሳደርገው ንባቡ 12 ሆነ። ስለቀው ተመልሶ ከዜሮ በታች 40። ላስቲኩ ደህና ነው፣ ውስጡ መዳቡ ተበጥሷል። አጎቴ አጠገቤ ቆመው "ሞተሩ ሊወርድ ነው?" አሉኝ። "አብሽሩ፣ አንድ ጣት ሽቦ ነው" አልኳቸው። ቆርጬ በእርሳስ በየድኩት፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት።

ለእኔ ከሞተ ሴንሰር ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚዋሽ ሴንሰር ነው። የሞተውን ኮምፒውተሩ ይነቃበታል፤ ብዙ ቶዮታ ለምሳሌ አየሩን 20 ዲግሪ ነው ብሎ ገምቶ ይሠራል። አቧራና ዘይት የሸፈነው ግን 25 ዲግሪውን 5 ቢል መብራት ላይበራ ይችላል፤ ነዳጁ በዝቶ ካንዴላው ሊጠቁር ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው ማለዳ ነው። ሌሊቱን ያደረ መኪና ሳይነሳ የአየሩና የውሃው ንባብ ሊቀራረብ ይገባል። ከተራራቁ ሴንሰሩን ለአየር መጠን ሴንሰር በተሠራ ስፕሬይ እጠቡት፤ በጨርቅ አትፈትጉት። ካልተስተካከለ ቀይሩት። ቀትር ላይ ባቲ ቆሞ የቆየ መኪና 60 ቢያነብ ግን አትደንግጡ፤ የሞተሩ ወላፈን ነው፣ መንዳት ሲጀመር ይወርዳል።

ሲያልቅ ኮዱን በመመርመሪያው አጥፉት። ከዚያ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ጠዋት እንደገና እዩ። የአጎቴ ውሃው 10፣ አየሩም 10 አለ።