«ሰመር ላይ ትጽፈዋለህ» አትበሉኝ

ሠርግ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ጋሼ «አንተማ ታድለህ፣ ሰመር አራት ወር ታርፋለህ፣ ያን መጽሐፍ ጨርሰው እንጂ» አሉኝ። ክትፎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቶሮንቶ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በኮንትራት ሳስተምር ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ይህን አባባል ያልሰማሁበት ዓመት የለም። የዘመድ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ቋሚ ፕሮፌሰሮችም ይሉታል። ስለዚህ ዛሬ ልዘርግፈው።

ስለ ኮንትራት መምህር ከሚባሉት ከትንንሾቹ ልጀምር። «ኮንትራት ጡረታ የወጣ ሰው ነው» ይባላል። አገር ቤት አንጋፋ መምህራን ከጡረታ በኋላ በኮንትራት ስለሚቀጠሩ ነው። እዚህ ግን ዶክትሬቱን ትናንት የጨረሰ ወጣት ነው፣ እዚያው ሊሸብትም ይችላል።

«ጥቂቶች ናችሁ» የሚሉም አሉ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ የካናዳ የአማራጭ ፖሊሲዎች ማዕከል ጥናት እንደሚለው፣ በ2016/17 በካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ከነበረው የመምህራን ቅጥር 53.6 በመቶው ኮንትራት ነበር። ጥቂት ይሄ ከሆነ እንግዲህ ብዙው ስንት ነው?

«ጎበዝ ቢሆን ቋሚ ያደርጉት ነበር።» ለኮቪድ ክትባት መንገድ የጠረገችውን ሳይንቲስት ካታሊን ካሪኮን የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ከደረጃዋ ዝቅ አደረጋት። በ2023 ኖቤል ወሰደች። አለቀ።

አሁን ወደ ሰመሩ። የእኔ ኮንትራት መስከረም ላይ ይጀምርና ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ከዚያ እስከ ነሐሴ ደሞዝ የለም። ጋሼ እረፍት የሚሉት እኔ ሥራ ማጣት የምለው ነው። የሥራ አጥ ድጎማ አመለክታለሁ፣ የሰመር ኮርስ ከተገኘ እሻማለሁ፣ አንድ ዓመት ኡበር ነዳሁ። አንድ ማታ የጫንኳት ልጅ በመስታወቱ አየችኝና «ፕሮፌሰር?» አለች። ተማሪዬ ነበረች። አምስት ኮከብ ሰጥታኛለች፣ አመሰግናታለሁ።

ነገሩን የሚያባብሰው ሒሳቡ ነው። የቋሚ ፕሮፌሰር ሥራ በተለምዶ 40 በመቶ ማስተማር፣ 40 በመቶ ምርምር፣ 20 በመቶ ደግሞ ኮሚቴና አገልግሎት ተብሎ ይከፈላል። እሱ ሲመራመር ደሞዙ ይቆጠርለታል። እኔ የሚከፈለኝ ለማስተማር ብቻ ስለሆነ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የምጽፈው ሁሉ በነፃ ነው። ታዲያ ቋሚ ቦታ ሲወጣና ሳመለክት የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይመስላችኋል? «ስንት ጽሑፍ አሳትመሃል?»

«ለግራንት፣ ለምርምር ገንዘብ አመልክት እንጂ!» ይሉኛል ደግሞ፣ ግራንት ዛፍ ላይ የሚበቅል ይመስል። የፌዴራሉ የምርምር ገንዘብ የሚተዳደረው በዩኒቨርሲቲ በኩል ነው፤ ኮንትራትህ ካለቀ ማን ይይዝልሃል? ደግሞ ብታሸንፍም እንኳ ለራስህ ደሞዝ ማውጣት አይፈቀድም። ረዳት ተማሪ ቀጥሬ ልከፍል እችላለሁ፣ የራሴን የቤት ኪራይ ግን አልከፍልበትም። ሕጉን የጻፈው ሰው ተመራማሪ ሁሉ ደሞዝ አለው ብሎ ነው። ይህን ለጋሼ ሳስረዳ «ወይ ጉድ» አሉ፣ ግን ያመኑኝ አይመስለኝም።

ገንዘቡ ቢቀር እንኳ ሌላ በር አለ። አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሐበሻ እናቶችን ቃለ መጠይቅ ላደርግ ነበር። ሰው ላይ ለሚደረግ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ይህ ተገቢ ነው። ያኔ የማስተምርበት ቦታ ግን በስምህ ማመልከት አትችልም፣ ቋሚ መምህር አስፈርም አለኝ። ፈራሚ ስፈልግ ኮንትራቱ አለቀ፣ የላይብረሪ መግቢያዬም አብሮ ተዘጋ። እናቶቹ ዛሬም «ያ ጥናትህ የት ደረሰ?» ይሉኛል።

«የሠራተኛ ማኅበራችሁ ለደሞዝ ብቻ ይጮኻል» ለሚሉ፦ እዚሁ ቶሮንቶ የ2018ቱ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ አድማ 143 ቀን ፈጀ። ካነሳሱት ጉዳዮች አንዱ የኮንትራት መምህራን ወደ ቋሚነት የሚዛወሩበት መንገድ ነበር።

ለመርዳት ከልቡ የሚፈልግ የትምህርት ክፍል ካለ ግብዣና የምስክር ወረቀት ይቅርብን። አንድ ኮርስ ቀንሱልንና ክፍያውን አትቀንሱ። ኮንትራቱን ከስምንት ወር ወደ ሦስት ዓመት አድርጉት። ላይብረሪውን በክፍተቱ ወራት አትዝጉ፣ ይሄ ምንም አያስወጣችሁም።

አንተ ደግሞ ዶክትሬትህን ጨርሰህ የመጀመሪያውን ኮንትራት ልትፈርም ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ከመፈረም በፊት የማኅበሩን የኅብረት ስምምነት አንብቡ። አንዳንዱ ለኮንትራት መምህራን የምርምርና የጉባኤ ጉዞ ገንዘብ አለው፣ ማንም ግን አይነግራችሁም፤ እኔ ያወቅኩት በአራተኛው ዓመቴ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ በስማችሁ ማመልከት ትችሉ እንደሆነም ጠይቁ። መልሱን በቃል ከነገሯችሁ በኢሜይል ይጻፉላችሁ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይቀየራል።