"ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም" ከየት መጣ? ልጆችስ እንዴት ይኖሩታል?

ይቺን አባባል ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ልቅሶ ቤት፣ ሰርግ ላይ፣ ለታመመ ጎረቤት መዋጮ ሲሰበሰብ፣ አንዱ ኪሱ ይገባና ትንሽ ብር አውጥቶ "እንግዲህ ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም" ብሎ ይሰጣል፣ ሰብሳቢውም "ኧረ እግዜር ይስጥልን" ይለዋል። ትርጉሙ ያው ግልጽ ነው፣ አቅሙ የቻለውን ያደረገ ሰው ትንሽ ሰጠህ ተብሎ አይወቀስም።

አመጣጡን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። "ወረወረ" እና "ፈሪ" የጦር ሜዳ ቃላት ናቸው። ድሮ ክተት ሲታወጅ አብዛኛው ሰው ስንቁንም መሳሪያውንም ከቤቱ ይዞ ነበር የሚዘምተው፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦርና ጋሻውን፣ እሱም የሌለው በእጁ የገባውን። ጦር ደግሞ እንደ ሰይፍ እጅህ ላይ አይቆይም፣ ከወረወርካት ሄደች ባዶ እጅህን ቀረህ ማለት ነው። ፈሪ መባል ከሞት በሚከፋበት ዘመን ተረቱ የሚለው እንግዲህ፣ ሰውየው የወረወረው ጦር ይሁን ድንጋይ አትዩ፣ የያዘውን ለቀቀው ወይ ብላችሁ ጠይቁ ነው። አጼ ምኒልክም በ1888 ዓ.ም ለአድዋ ሲያዘምቱ "ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ" ካሉ በኋላ ጉልበት የሌለውን ቤትህ ተቀመጥ አላሉትም፣ "በሐዘን እርዳኝ" ነው ያሉት። ያለው ሐዘን ብቻ ከሆነ ሐዘኑም ተቆጥሮለታል።

ታዲያ እኔን ሁሌ የሚከነክነኝ "ያለውን" የምትለዋ ቃል ናት። እኛ አዋቂዎች አባባሉን ስንጠቅስ "ያለውን" እያልን "የተረፈውን" ነው የምንሰጠው።

ይሄ የገባኝ ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ለቤተክርስቲያናችን ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ ሲሰበሰብ ነው። እኔ ጠረጴዛው ጋ ሆኜ ብር እቆጥር ነበር፣ እኔ ራሴ የሰጠሁት የቤት ኪራይና አስቤዛ፣ ከዛ ደግሞ ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ ያስቀመጥኩትን ሁሉ ቀንሼ ነው። የእህቴ ልጅ 6 አመቱ ነው፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳኑን በቢላ ቀደውለት ሳንቲም የሚያጠራቅምባትን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ገለበጣት። 47 ብር ነው፣ ብዙው ዝርዝር ሳንቲም፣ አንድ በፕላስተር የተለጠፈ አምስት ብር አለበት፣ ከሁሉም መሀል አንድ ሰማያዊ ብይ ተንከባላ ወጣች። ተሳስቶ መስሎኝ ብይዋን አንስቼ "እንካ ማሙሽ ይቺ ያንተ ናት" ስለው እጁን ወደኋላ አደረገ። "እሷም ትግባ፣ እኔ ሁሌ በሷ ነው የምበላው" አለኝ። ብይ የተጫወተ ሰው ይሄን ያውቃል፣ የምትበላበትን ብይ ለማንም አትሰጥም። ቤት ውስጥ ሌላ 20 ብይ እንዳለው አውቃለሁ፣ የሚያሸንፍባትን መርጦ ነው ያመጣት።

ልጆች መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ያው ልጅ በማግስቱ ለእህቱ ግማሽ ሙዝ አልሰጥም ብሎ አልቅሷል። ግን ልጅ "የኔ ነው" ሲል ከልቡ ነው፣ ሲሰጥም ከልቡ ነው፣ መሀል ላይ እኛ ያለን ሂሳብ የለውም። ቅዱስ ጳውሎስ "በኀዘን ወይም በግድ አይደለም፤ እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳልና" ያለው እኮ ይሄን ነው (2ኛ ቆሮ 9፥7)። እዛው መልእክት ላይ ምዕራፍ 8፥12ን ገልጣችሁ ብታዩት ደግሞ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን ነው፣ እንደሌለው መጠን አይደለም ይላል፣ የኛ ተረት ቁርጥ ራሱ።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6ም በዚህ አይን ሲነበብ ሌላ ነው። አምስት ሺህ ወንድ ተርቧል፣ ፊልጶስ ወዲያው ሂሳብ ውስጥ ገባ፣ የ200 ዲናር እንጀራ አይበቃም አለ፣ አንድ ዲናር የአንድ ሰራተኛ የቀን ደሞዝ ስለሆነ ስሌቱ ልክ ነው። እንድርያስ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘ ብላቴና እንዳለ ተናገረና እሱም ግን ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ይሆናል አለ። ብላቴናው ሲናገር አንሰማም። የገብስ እንጀራ የድሃ ምግብ ነው፣ ያችኑ የያዛትን ለቀቀ። ልጅ ሆኜ ይሄ ሲነበብ የኛን እንጀራ የያዘ የሰፈራችን ልጅ ነበር የሚታየኝ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ደግሞ የተረፈው ቁርስራሽ አስራ ሁለት መሶብ ሞላ ስለሚል የእናቴን መሶብ ከነክዳኑ ነበር በሐሳቤ የምስለው፣ እስካሁንም እንደዛው ነው የማየው። ታሪኩ በአራቱም ወንጌል አለ፣ ልጁ ግን ያለው ዮሐንስ ላይ ብቻ ነው፣ ስሙም አልተጻፈም። እኛ ስማችንና የሰጠነው ብር በማይክ እስኪነበብ የምንጠብቅ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም ብንል ደስ ይለኛል።

ሁለት ናስ፣ ማለት ሁለት ትንንሽ ሳንቲም፣ መባ የጣለችው መበለትም ያው ናት፣ ጌታ ከሁሉ አብልጣ ጣለች ያላት የነበራትን ትዳሯን፣ ማለት መተዳደሪያዋን፣ ሁሉ ስለጣለች ነው (ማር 12፥44)።

የዛን ቀን ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ብይዋን ምን እናድርጋት ብዬ ገንዘብ ያዡን ጠየቅኳቸው፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ለ30 አመት ደረሰኝ ሲቆርጡ የኖሩ። መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡና እስክሪብቷቸውን አንስተው በልጁ ስም ደረሰኝ ቆረጡ፣ ብር 47፣ ከስሩ ደግሞ ብይ 1። ልጁ ማንበብ ገና እየለመደ ስለሆነ ጣቱን ከስር እያስሄደ "ብ... ይ" ብሎ አነበባትና ደረሰኙን አጣጥፎ ባዶዋ ጣሳ ውስጥ ከተታት።