በስታዲየም ታፍኖ መሞት ምንድን ነው?

በስታዲየም ውስጥ ብዙ ሰው ባለቀ ቁጥር ዜናው «ደጋፊዎች በድንጋጤ ተረጋግጠው ሞቱ» ተብሎ ይነበባል፤ ሰሞኑንም አንድ የስፖርት ተንታኝ በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ስታዲየም ስለደረሰው እልቂት ሲያወራ «ሥርዓት የሌለው ደጋፊ እርስ በርሱ ተላለቀ» ብሎ ሲያልፈው ሰማሁ። ሥራዬ የስታዲየም ደኅንነት ስለሆነ ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። በእነዚህ አደጋዎች ከሞቱት ብዙዎቹ አልሮጡም፣ አልወደቁም፣ ማንም አልረገጣቸውም። የሞቱት ቆመው ነው።

ሰው አየር ለመሳብ ደረቱ መስፋት አለበት። ሕዝብ ሲታመቅ ከፊትና ከኋላ የሚመጣው ጫና ደረትን አላፈናፍን ይላል፤ አየር እያለ ሳንባ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። እንዲህ ለጥቂት ደቂቃዎች የተያዘ ሰው ራሱን ይስታል፣ ብዙም ሳይቆይ ልቡ ይቆማል፤ ዙሪያውን ያሉት ደግፈው ስለያዙት ግን አይወድቅም። በአንድ ካሬ ሜትር 4 ሰው ሲቆም እንደ ምንም መንቀሳቀስ ይቻላል፤ 6 እና 7 ሲደርስ የራስ እርምጃ የሚባል ነገር አይኖርም። ይህ ቁጥር በመሬቱ ተዳፋትነትና በልብስ ውፍረት ከፍ ዝቅ ይላል። የስታዲየሙ ጠቅላላ የመያዝ አቅም ደግሞ በአንዲት ጥግ ስላለው መጨናነቅ የሚነግረን ነገር የለም።

ነገሩን በመስኖ ቦይ ማየት ይቻላል። ከላይ ውሃ የሚለቀው ሰው ታች ቦዩ መደፈኑን አያይም፤ ውሃው መምጣቱን አያቆምም፣ ዳርቻው ላይ ያለው ግንብም የላዩን ጫና ሁሉ ይሸከማል። በጎን በኩል ቢከፈትለት ወዲያው ይረግብ ነበር፣ ግራና ቀኝ ያሉት ማሳዎች ደረቅ ናቸውና። ቦዩ ሲደረመስ ደግሞ ገበሬው ማን ለቀቀው፣ ማን ደፈነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ ውሃውን አይወቅስም። እርግጥ ሰው ውሃ አይደለም፤ ይጮኻል፣ ይለምናል። ነገር ግን ጩኸቱ ከጥቂት ረድፍ በላይ አይሻገርም፤ ከኋላ የሚገባው ሰው የሚሰማው ዝማሬውን ብቻ ነው፣ የሚገፋውም ፊት ለፊቱ ቦታ ያለ ስለሚመስለው ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በሂልስቦሮ የሆነው ይኸው ነው። ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሊጫወቱ ሲሉ፣ በሌፒንግስ ሌን መግቢያ ያሉት ጠባብ በሮች ሕዝቡን ማስተናገድ አቃታቸው፤ ፖሊስም ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ሰፊውን መውጫ በር አስከፈተ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው ገባ። ፊት ለፊት የሚታየው መተላለፊያ የሚወስደው ቀድመው ወደ ሞሉት፣ በአጥር ወደተከለሉት የመሃል የቆሞ መመልከቻ ክፍሎች ነበር፤ እሱን የዘጋ ሰው አልነበረም፣ በጎን ያሉት ክፍሎች ግን ሰፊ ቦታ ነበራቸው። ከፊት የብረት አጥር ነበር። ከበላይ ፎቅ ያሉ ደጋፊዎች ጎንበስ እያሉ ከታች የታፈኑትን በእጃቸው ሽቅብ ጎተቱ፤ ሜዳው ላይ የደረሱትም የማስታወቂያ ሰሌዳ ነቅለው ቃሬዛ አደረጉት። ተንታኙ ሥርዓት የላቸውም ያላቸው እነዚህን ሰዎች ነው። ከዓመታት በኋላ በጉዳቱ ምክንያት ያረፉትን ጨምሮ 97 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት ደጋፊዎች በሩን ሰብረው ገቡ የተባለው ሐሰት ነበር፤ በ2016ም የሞቱን መንስኤ የመረመረው ችሎት ዳኞች ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ እንደተገደሉና የደጋፊዎቹ ባህርይ ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳላደረገ ወሰኑ።

«ደጋፊዎች ተደባድበው አለቁ» የሚለው ትረካ በ2022 በኢንዶኔዥያ ማላንግ አካባቢ ስለደረሰው የካንጁሩሃን እልቂትም ይነገራል። አሬማ በፐርሰባያ 3 ለ 2 በተሸነፈበት በዚያ ጨዋታ ግን የተጋጣሚው ደጋፊዎች እንዲገቡ እንኳ አልተፈቀደም ነበር። ጥቂት ሰዎች ሜዳ ስለገቡ ፖሊስ ወደ ተመልካች መቀመጫዎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ ጠባብ መውጫዎች ነጎደ፤ 135 ሰዎች ሞቱ። የፊፋ የደኅንነት ደንብ ይህን ጭስ በስታዲየም ይከለክላል። በ2001 በአክራ ከ120 በላይ ሰዎች የሞቱትም ጭስ ተተኩሶ በሮች ተቆልፈው በመገኘታቸው ነው።

በዚህ ሁሉ የደጋፊ ጠብ የለም ማለቴ አይደለም። በ1985 በብራስልስ ሄይሰል ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በዩቬንቱስ ደጋፊዎች ላይ መዝመታቸው እውነት ነው፣ በፍርድ ቤትም የተቀጡ አሉ። ሆኖም የሸሸው ሰው መሄጃ አጥቶ ግንብ ላይ ታመቀ፣ ያረጀው ግንብም ተደረመሰ፤ 39 ሰዎች ሞቱ። ጠቡ ሰዉን አስሸሸው፤ መሄጃ ያሳጣው ግን ስታዲየሙ ነው።

ቆሞ ማየትም በራሱ አይገድልም። ከሂልስቦሮ በኋላ በእንግሊዝ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች ስታዲየሞች ሁሉ ባለ ወንበር እንዲሆኑ ቢደረግም፣ ከ2022 ወዲህ በየረድፉ የብረት መደገፊያ በተተከለባቸውና ፈቃድ ባገኙ ቦታዎች ቆሞ መመልከት ተፈቅዷል። መደገፊያው ከኋላ የሚመጣውን ግፊት እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ስለሚያስቆመው ጫናው ከረድፍ ረድፍ እየተደመረ ወደ ፊት አይወርድም።