ድራም ሴት መቃኘት በሰሜን ሸዋ

ድራም ሴት (አንድ ሰው ተቀምጦ የሚመታው የድራሞች ስብስብ) ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው መምታቱን ነው፣ እንደ ክራርና እንደ ማሲንቆ የሚቃኝ መሳሪያ መሆኑን ልብ የሚል ትንሽ ነው፣ እና ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በየሰርጉና በየአዳራሹ የሚሰማው ድራም የሚያምረውም የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እቃው ውድ ወይ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን በዚሁ በቅኝቱ ነው።

የተለመደው ድራም ሴት ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ፣ ብዙ ጊዜ 22 ኢንች)፣ 14 ኢንች ስኔር (ከስሩ ሽቦ የተወጠረበት)፣ ሁለት ትናንሽ ቶምና አንድ ፍሎር ቶም (መሬት ላይ የሚቆመው ትልቁ ቶም) አለው። ሲምባልና ሃይ ሃት (የብረት ሳህኖቹ) አይቃኙም፣ እንደተሰሩ ናቸው። እያንዳንዱ ድራም ሁለት ቆዳ አለው፣ ከላይ የሚመታውና ከታች ድምፁን የሚያስተጋባው። ቆዳ እንላለን እንጂ አሁን ፕላስቲክ ነው፤ ፈረንጆቹም ድሮ የጥጃ ቆዳ ነበር የሚጠቀሙት፣ ፖሊስተሩ (ፕላስቲኩ) የተስፋፋው እንደነሱ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ሬሞ የሚባለው የድራም ቆዳ ካምፓኒ የተመሰረተውም በ1957 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ ላይ ከበሮ ለሚያውቅ ሰው አንድ የሚገለበጥበት ነገር አለ። የሰሜን ሸዋ ልጅ ከበሮ እያየ ነው የሚያድገው፣ ቤተክርስቲያንም ሰርግም ላይ፣ ስለዚህ የከብት ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው እንደሚላላ፣ ፀሐይ ላይ ወይ እሳት ዳር ሲሞቅ ደግሞ እንደሚወጠር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ፕላስቲኩ ግን ተቃራኒ ነው፣ እርጥበት ብዙም አይነካውም፣ ሲሞቅ ይላላና ድምፁ ይወርዳል፣ ሲበርደው ይጠብቅና ድምፁ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 1,300 ገደማ፣ ስለዚህ በጠዋቱ ብርድ ደብረ ብርሃን የተቃኘ ድራም የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ከድንኳን ውጪ ፀሐይ ላይ ሲቆም ድምፁ ወርዶ ቢገኝ አይገርምም። እቤት መቃኘት ጥሩ ነው ግን የመጨረሻው ቅኝት እዛው ከተተከለና አየሩን ከለመደ በኋላ መሆን አለበት።

ለጀማሪ የሚሻለው በአንድ ቶም መጀመር ነው። የሚያስፈልገው የድራም ቁልፍ (የብሎኖቹ መፍቻ) እና ጆሮ ብቻ ነው። ቆዳው ይወጣል፣ የሚያርፍበት የእንጨት ጠርዝ በጨርቅ ይጠረጋል (ቆሻሻ ወይ ስንጥቅ ካለ የፈለገ ቢደከም እኩል አይሆንም)፣ ከዛ ቆዳውና ክቡ ብረት ተመልሰው ብሎኖቹ መጀመሪያ በጣት ብቻ እስኪቆሙ ይታሰራሉ። ቀጥሎ በቁልፍ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር፣ ግን በተራ እየዞሩ አይደለም፣ የመኪና ጎማ ሲታሰር እንደሚደረገው አንዱን አጥብቆ ወደ ትይዩው መሻገር ነው፣ አለዚያ ቆዳው ወደ አንድ ጎን ይሳባል። መጨማደዱ ሲጠፋ መሃሉን በመዳፍ ጫን ማድረግ ነው፣ አዲስ ቆዳ ከሆነ ጠርጠር የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ሙጫው ነው፣ አያስደነግጥም።

ዋናው ስራ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። መሃሉን በአንድ ጣት ነካ አድርጎ ይዞ ከእያንዳንዱ ብሎን 2 ወይ 3 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ በስቲክ (በመምቻው ዱላ) ቀስ አድርጎ መምታትና ማዳመጥ፣ የወረደውን ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ የወጣውን ማላላት፣ አንዱ ሲነካ ትይዩውም ስለሚለወጥ ደግሞ ደጋግሞ መዞር። ትዕግስት የሚጠይቀው ይሄ ነው፣ ብዙዎች የሚተዉትም እዚህ ጋ ነው፣ የሚያሳዝነው ደግሞ አዲስ ቆዳ ለመግዛት አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎሜትር የሚሄደው ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህቺው ግማሽ ሰዓት መሆኗ ነው።

የላይና የታቹ ቆዳ እኩል ከተቃኙ ድምፁ ረዥም ይሆናል፣ የታቹ ከፍ ካለ ያጥራል፣ ይሰበሰባል። ለችክችካ፣ ያው በ6/8 ስለሚሄድና ምቱ ስለሚቀራረብ፣ አጠር ያለው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ረዥም ከሆነ አንዱ ምት ሌላው ላይ እየወጣ ይምታታል። ቶሞቹን እርስ በርስ ለማራራቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ከትዝታ ሙሉ ቅኝት አምስት ድምፆች 1ኛውን፣ 3ኛውንና 4ኛውን ከፍሎር ቶም ጀምሮ ወደ ላይ መስጠት ይቻላል፣ ክራር የሚነካ ጓደኛ ካለ ድምፁን ከሱ ወስዶ በጆሮ መፈለግ ነው።

ስኔር ላይ የታችኛው ቆዳ በጣም ስስ ነው፣ በስቲክ አይመታም፣ ግን ጠበቅ ብሎ መቃኘት አለበት፣ የሽቦው ድምፅ ጥርት የሚለው ያኔ ነው። ቶም ሲመታ ስኔሩ ብቻውን ከተንዘረዘረ ሁለቱ ድምፃቸው ተቀራርቧል ማለት ስለሆነ ሽቦውን ከማነቅ በፊት ቶሙን ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ማድረግ ይቀድማል።

ቤዝ ድራም ቀላል ነው፣ መጨማደዱ እስኪጠፋ ታስሮ ከዛ ትንሽ ብቻ ይጨመርለታል። ውስጡ የሚገባው ብርድ ልብስ ነው፣ ይሄ ደግሞ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ላላት ለደብረ ብርሃን አይቸግርም፤ ታጥፎ ከስር ተኝቶ ሁለቱንም ቆዳ ነካ ካደረገ ይበቃል፣ አጭቀው የሚሞሉት አሉ፣ እሱ ካርቶን የመምታት ያህል ድምፁን ይገድለዋል።